ፊላውን ያጨድንበት ሳምንት

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሎጅ የአትክልት ክፍል ኃላፊ ሳለሁ የሆነ ነው። ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ፣ «እንግዳ ሐይቅ ሊያይ መጥቶ የሚያየው ፊላ ነው፤ ይነሳ» አለኝ። አልተከራከርኩም። ፊላ፣ ያ ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ለእኔም ትንኝ የሚራባበት፣ ባዶ ሃይላንድ የሚጠራቀምበት ቆሻሻ ነበር። የቀን ሠራተኞች ቀጠርኩ፤ ማጭድና አካፋ ይዘን ከሥሩ መንቀል ጀመርን።

በሦስተኛው ቀን አንድ አዛውንት አሳ አስጋሪ ጀልባቸውን አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩን። ከዚያ «ልጄ፣ ጆግ ይኖርሃል?» አሉኝ። አመጣሁላቸው። ገና ካልታጨደው ፊላ መሃል ቀስ ብለው ውሃ ቀድተው አሳዩኝ፤ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ የአሳ ጫጩቶች ይተራመሳሉ። ካጸዳነው በኩል ሲቀዱ ግን ጭቃ ብቻ ወጣ።

«የቆሮሶ አሳ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። እስኪጠነክሩላት በቅጡ እንኳ አትበላም። የምትለቃቸው እዚህ ነው፤ አሁን የት ትልቀቃቸው?»

«ጋሼ፣ የታዘዝኩት ነው» አልኳቸው። ጆጉን መልሰውልኝ ሄዱ። እኔም በማግስቱ የቀረውን ጨረስኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼኛው ቀን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ባላውቅ ነው ማለት እችላለሁ፣ አራተኛውን ግን አልችልም።

ለፋሲካ እይታው ተከፈተ፣ እንግዳው ፎቶ ተነሳ። ሣሩን እስከ ውሃው ጫፍ አስፋፋንና ዩሪያና ዳፕ በተንበት። ክረምቱ ሲገባ ግን ማዕበሉ አፈሩን እየናደ ሣሩን ከነሥሩ ወሰደው። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ መሽተት ጀመረ። በፊላው ላይ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት ቢጫ ወፎች ጠፉ።

የተማርኩት የአትክልት ሳይንስ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተክል እንደሚያሳድጉ ለሣሬ አውቅ ነበር፤ ለሐይቁም ያው መሆኑን አላሰብኩም። ከግቢያችን የታጠበው ማዳበሪያ ውሃው ውስጥ ያለውን ዋቅላሚ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን ተክል መሰል ነገር፣ መገበው። ዋቅላሚው ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ አሳው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል። ፊላው ቢኖር ኖሮ ማዳበሪያውን ራሱ ይመገበው ነበር፤ የማዕበሉን ጉልበት ሰብሮ ደለሉንም ያስቀረው ነበር። ውሃ ውስጥ ያለው አገዳው ላይ የሚይዘው ልጋግ እንኳ ሥራ አለው፤ ጥቃቅን ነፍሳት እሱን ይበላሉ፣ ጫጩቶቹም ልጋጉንና ነፍሳቱን ይለቅማሉ። ጠዋት የአሳ ገበያው አሞራ ገደል ላይ የሚጫነው ቆሮሶም ሆነ ትራፊውን የሚጠብቀው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ከዚህ ይጀምራል።

በዚያ ላይ የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ተከትሎት የሚወጣ ግን የለም፤ ውሃው በአብዛኛው የሚጎድለው በትነት ነው። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ማዳበሪያና ደለል ግን አትወስድም። እዚህ ዳር የሚሠራ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ይኼ ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መስከረም ላይ ሥራ አስኪያጁን የተናደው ዳር ድረስ ወስጄ አሳየሁት። ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ሣሩ የፈጀውን ገንዘብ ያውቃልና ብዙም አላስቸገረኝ። ከጎረቤት ዳርቻ የፊላና የደንገል ሥር እያመጣን ተከልን። ለእንግዶች በመሃል ጠባብ የእንጨት መተላለፊያ ሠራን፤ አሁን ሰው ሐይቁን ከጫፉ ላይ ቆሞ ያያል። ከውሃው አጠገብ ማዳበሪያ መበተን ቀረ።

አዛውንቱን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተክለሃል አሉ» ብቻ አሉኝና የሚሻለውን ቦታ ራሳቸው መጥተው አመላከቱኝ። በቀኝ በኩል ያለው በሁለተኛው ዓመት ከሰው ቁመት በለጠ፤ ወፎቹም ተመልሰዋል። በግራ በኩል ግን ዳሩ ተንዶ ጥልቅ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተክለን ሁለቴም ማዕበል ነቀለው። የካቲት ላይ ውሃው ሲሸሽ እንደገና እንሞክራለን።