የሌሊት ፈረቃና የፐርል ጃም የመጀመሪያ አልበም

ሲያትል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የማያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነዳጅ ማደያ። የእኔ ዕጣ ነዳጅ ማደያ ነበር። ከእኔ በፊት የሚሠራው ልጅ አንድ ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ትቶት ይሄዳል። የሲያትሉ የሮክ ባንድ የፐርል ጃም «ቴን»። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነበር የማዳምጠው። በኋላ ግን ያዘኝ።

አልበሙ የወጣው ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 1991 ነው። የተቀዳውም እዚሁ ሲያትል አጠገብ፣ ለንደን ብሪጅ ስቱዲዮ ነው። ስያሜው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የሙኪ ብሌይሎክ የማሊያ ቁጥር፣ 10፣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ13 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

እኔን የነካኝ ግን አጀማመሩ ነው። የፐርል ጃም መሥራቾች ስቶን ጎሳርድና ጄፍ አሜንት የቀድሞ ባንዳቸውን ድምፃዊ አንድሩ ውድን በ1990 ሄሮይን ገደለባቸው። አዲስ ድምፃዊ ፍለጋ ግጥም የሌለው ካሴት በሰው በሰው ላኩ። ካሴቱ ሳንዲዬጎ ኤዲ ቬደር እጅ ገባ። ኤዲ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ልጅ ነበር። ሰምቶት ማዕበል ሊጋልብ ባሕር ወረደ፤ ግጥሙ እዚያ መጣለት። ተመልሶ ድምፁን ቀዳበትና አይቷቸው ለማያውቃቸው ሰዎች በፖስታ ላከው።

እኛም ቤት ደብዳቤያችን ካሴት ነበር። አክስቴ ከውጭ ድምጿን ቀድታ ስትልክ ጎረቤት ሁሉ ይጠራል። «እማዬ፣ እንደምን ነሽልኝ?» ብላ ትጀምራለች። መሃል ላይ ሳግ ይይዛትና ካሴቱ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ሲቀጥል ድምጿ ተስተካክሏል። በዚያች ቀጭታ ውስጥ ምን ያህል እንዳለቀሰች አያቴ ታውቅ ነበር።

ኤዲ ከላካቸው ሦስት ዘፈኖች አንዱ «አላይቭ» («በሕይወት ያለ» እንደ ማለት) ነው። መነሻው የራሱ ታሪክ ነው። ኤዲ «አባቴ» ሲለው ያደገው ሰው የእንጀራ አባቱ ነበር። ወላጅ አባቱን የሚያውቀው በቤተሰብ ወዳጅነት ነው። እውነቱ ሲነገረው አባትየው ሞቷል።

የእኔም አባት ሲያርፍ አልነገሩኝም። «ሰው አገር ብቻውን ነው፣ አንድ ነገር ይሆናል» ተባለ። ስደውል አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «ጠበል ሄዷል»። እኔም አምኜ ለመድኃኒት ብር እልካለሁ። አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። የዕድራችን ሽማግሌዎችና ጓደኞቼ ኮሪደሩን ሞልተውታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ለቅሶው ወጣልኝ። ንዴቱ ግን ቆየ። እነዚያን ወራት በሙሉ ስስቅ፣ ስዝናና፣ የሌለ ሰው ሰላም በሉልኝ ስል ነበር። ቤተሰቦቼ በፍቅር እንዳደረጉት አውቃለሁ። ቢሆንም ይህ ልማድ ይቅር እላለሁ። ልጅ የአባቱን ለቅሶ በሰዓቱ ያልቅስ። ርቀቱ ራሱ ይበቃዋል።

ፈረቃዬ ላይ «አላይቭ»ን እየደጋገምኩ የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ኤዲ በ2006 ሲናገር፣ መጀመሪያ በሕይወት መቅረቱ ለእሱ እርግማን እንደነበር፣ ሕዝቡ እየዘለለ አብሮት ሲዘፍነው ግን ትርጉሙ እንደተለወጠለት ገልጿል። እኔን ያላቀቀኝ የሠልስቱ ዕለት ቤቴን የሞላው ሰው ነበር። ስለዚህ አባባሉ ገብቶኛል።

መርዶ ተደብቆበት የቆየ ሰው ካለ፣ የአልበሙን መዝጊያ «ሪሊስ»ን ይስማ። ኤዲ እዚያ ላይ በቀጥታ አባቱን ነው የሚያናግረው። ጩኸት አይወድልኝም የሚል ሰውም ከሷ ይጀምር፤ ቀስ ብላ ነው የምትነሳው።