ቢላው ማን ጋ ነው?

በእንግሊዝኛ አጭር ልቦለድ መጻፍ ስጀምር ያስቸገረኝ ንግግሩ አልነበረም። ድብድቡ ነው። ሁለት ሰዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ ይተናነቃሉ። ለእኔ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ጓደኛዬ አንብቦ «ቆይ፣ ቢላው አሁን ማን ጋ ነው?» አለኝ። መልሼ ሳየው እውነትም አይታወቅም።

ጥፋቱን በቃላት እጥረት አሳበብኩ። ጠንከር ያሉ ግሦች እየፈለግኩ ሰካሁ። ጭራሽ ባሰበት።

የገባኝ አንዷን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ስመልሳት ነው። «ኦፕኒንግ ዘ ዶር፣ ሂ ራን አክሮስ ዘ ሩም» ብያለሁ። ለካ በሐሳቤ የነበረው «በሩን ከፍቶ ክፍሉን በሩጫ አቋረጠ» የሚለው ነው። «ከፍቶ» ስንል መክፈቱ ያልቅና ሩጫው ይከተላል። በእንግሊዝኛ ግሥ መጨረሻ ላይ የሚገባው «ኢንግ» ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ድርጊቶች እኩል ያስኬዳቸዋል። የእኔ ሰውዬ በሩን እየከፈተ ክፍሉን ያቋርጣል ማለት ነው። ላስቲክ ነው እንዴ!

ደግሞም «ከፍቶ» ውስጥ እሱ አለ፤ «ከፍታ» ውስጥ እሷ አለች። እንዲህ ያለው ቦዝ አንቀጻችን ባለቤቱን ይዞ ነው የሚዞረው። «ኦፕኒንግ» ግን ባዶውን ይመጣና ቀጥሎ ያገኘውን ስም ባለቤት ያደርጋል። አንድ ቦታ «ራኒንግ ዳውን ዘ ስቴርስ፣ ዘ ጋን ፌል» ብዬ ሽጉጡን በደረጃ አስሮጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ድርጊቱን መጀመሪያ በማሰሪያ አንቀጽ በየመስመሩ አሰፍረዋለሁ። ከፈተ። ሮጠ። ወንበሩን ገፋ። በዚሁ ተራ በቀላል ኃላፊ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ እወስደዋለሁ። ሲታይ የድሮውን የሽቦ ቴሌግራም ይመስላል፤ ቁርጥርጥ ያለ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹን በ«ኤንድ» መልሼ አያይዛለሁ። «ኢንግ» የሚመለሰው የምር አብረው ለሚሆኑት ብቻ ነው።

«ሂ ስታርትድ ቱ» (ማድረግ ጀመረ) የሚለውንም በብዛት ሰረዝኩ። ሰውዬው ሊነሳ ሲል ካልተገታ በቀር «ተነሳ» ማለት ይበቃል። «ሂ» የሚለው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ወንድ ሲታገል የትኛው «ሂ»? አድራጊው በተቀየረ ቁጥር ስም እጠራለሁ፤ ስም መደጋገም ነውር ይመስለኝ ነበር። አንዴ ግን ሰልችቶኝ አንደኛውን ተደባዳቢ ሴት አደረግኳት። ማጭበርበር ነው፤ ግን ሠራ።

አማርኛዬ የጠቀመኝም ቦታ አለ። «ድንጋዩ ሲወረወር ጎንበስ አለች» እንላለን፤ ሰበቡ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ ግን «ሺ ደክድ ቢኮዝ» እያልኩ መጀመሪያ አጎነብሳትና ድንጋዩን ኋላ አመጣው ነበር። አሁን ድንጋዩ ይቀድማል።

ያንን ድብድብ እንደገና ጽፌ ለዚያው ጓደኛዬ ሰጠሁት። ስለ ቢላው አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

«ለመሆኑ ለምንድን ነው የሚጣሉት?» አለኝ።