ባለ 500 ዋቱ ቤዝ አምፕ በባለ 200ው ለምን ተዋጠ?

ለገጣፎ ዳር፣ ግድግዳው ብሎኬት ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ የልምምድ ክፍል ውስጥ ሁለት የቤዝ ጊታር ድምፅ ማጉያ (አምፕ) ጎን ለጎን አስቀምጬ አወዳደርኩ። አንዱ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ባለ 500 ዋት ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ባለ 10 ኢንች ስፒከር ነው። ሌላው በትራንስፎርመሩ ክብደት ወገብ የሚያጎብጥ ባለ 200 ዋት ሲሆን አራት ባለ 10 ኢንች ይነዳል። ድራም ሲገባ ጎልቶ የሚሰማው ባለ 200ው ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት የሁለቱንም የድምፅ ቁልፍ ግማሽ ላይ አድርጌ ማወዳደሬ ነው። ቁልፉ ስንት ዋት እየወጣ እንደሆነ አይናገርም፤ አንዳንዱ አምፕ ግማሽ ሳይደርስ ኃይሉን ይጨርሳል። ስለዚህ ኢኩዋላይዘሩን በሙሉ መሀል ላይ መለስኩና በአንድ ቤዝ ጊታር የ«ኤ»ን ክር በጣት ሳልጫን (55 ኸርዝ፣ በሴኮንድ 55 ንዝረት) እየመታሁ፣ አምፑ ከአቅሙ ሲያልፍ የሚበራው የክሊፕ መብራት ብልጭ እስኪል ከፍ አድርጌ ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። ስልኬን ከሳጥኑ 3 ሜትር ላይ አቆምኩ። የድምፅ መለኪያ አፑ «ኤ» (A) በሚባለው የአለካክ ምርጫ ላይ ከተተወ 50 ኸርዝን በ30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ያህል ስለሚቀንስ ለቤዝ አይሆንም፤ «ሲ» (C) ላይ አድርጉት። ቁጥሩን እንዳለ አትመኑት፤ የሚጠቅመው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእኔ ወደ 4 ዴሲቤል ነበር፣ ለባለ 200ው።

ምክንያቱ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ትንሹ አምፕ 500 ዋት የሚሰጠው በ4 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ) ነው። የሳጥኑን ገመድ ጫፍ በማልቲሜትር ስለካ 6 ኦም አካባቢ አነበበ፤ ይህ ባለ 8 ኦም ሳጥን ነው፤ ማልቲሜትር የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሚለካ ከተጻፈው ዝቅ ይላል። በ8 ኦም ደግሞ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ፣ 250 ዋት ገደማ ነው። ባለ 200ውም በ8 ኦም 120 አካባቢ ይሰጣል። ዋት በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል 10 እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ወሳኙ ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ላይ የሚሰጠው ዴሲቤል ነው። የትንሹ ሳጥን 93፣ የትልቁ 101። 250 ዋት 24 ዴሲቤል ሲጨምር 117 ይሆናል፤ 120 ዋት 21 ሲጨምር 122። መርካቶ ስትገዙ ከዋቱ በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ።

ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ሁሉም መብራቱን ነው የሚወቅሰው። ማታ ሶኬቱን ስለካ 185 ቮልት ነበር። በተራ ትራንስፎርመር የሚሠራ አምፕ በዚህ ቮልቴጅ 30 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ በጆሮ ግን 1.5 ዴሲቤል ነው፣ ብዙም አይታወቅም። ስታቢላይዘር አምፑ እንዳይጠፋ ይረዳል እንጂ ድምፅ ብዙም አይጨምርም።

ትልቁን ለውጥ ያገኘሁት ከቤዝ ቁልፉ ነው። ጆሯችን ለወፍራም (ኸርዙ ዝቅ ላለ) ድምፅ ደካማ ነው፤ የኢ ክር መነሻ 41 ኸርዝ ነው። ቤዙን በ12 ዴሲቤል መጨመር በዚያ ክልል 16 እጥፍ ዋት መጠየቅ ነው፤ አምፑ ቶሎ ይቆራርጣል፣ ስፒከሩ ከልኩ በላይ ይወዛወዛል፣ ቆርቆሮውም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እኔ ቤዙን ወደ መሀል መልሼ፣ ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን በፊልተር ቆርጬ፣ ከ250 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን በ4 ዴሲቤል ከፍ አደረግኩ። ዋናውን የድምፅ ቁልፍ ሳልነካ ቤዙ ከድራሙ በላይ ወጣ። ሳጥኑን በርጩማ ላይ ማንሳትም ተጫዋቹ ራሱን እንዲሰማ ይረዳል፤ መሬት ላይ ሲሆን የሚሰማው ቅልጥሙ ነው።

ይህ ካልበቃ ሌላ አምፕ አትግዙ፤ ተመሳሳይ ሁለተኛ ሳጥን ጨምሩ። ሁለት ባለ 8 ኦም በፓራለል (ጎን ለጎን) ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ዋቱም የስፒከሩ ስፋትም ስለሚያድግ በወፍራሙ ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይገኛል። ገመዱ የጊታር ሳይሆን ወፍራሙ የስፒከር ገመድ ይሁን፤ የጊታሩ ቀጭን ስለሆነ ይግላል። ከማብራታችሁ በፊት ጫፉን ለኩ፦ 3 ኦም አካባቢ ካነበበ ልክ ነው፤ 2 ካለ ሦስተኛ ሳጥን ገብቷል፣ አምፑ ለ4 ኦም ብቻ ከተሠራ አንዱን ንቀሉ።