ባለፈው ሳምንት ያልኩት ቃል

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለ መርዛማ ወንድነት፣ ማለትም ወንድ ስሜቱን እንዲደብቅና በኃይል እንዲከበር ስለሚገፋው አመለካከት፣ ስንወያይ ዋልን። ጠዋት ሁላችንም ጥፋተኛ ስንፈልግ ነበር፤ ተሳዳቢው ባል፣ ተደባዳቢው ጎረምሳ። ከሰዓት አወያያችን ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘርግታ "ሰዎቹን ለጊዜው ተዉአቸውና ምን ምንን እንደሚያመጣ በቀስት ሳሉልኝ" አለችን።

ሳልን። ልጁ ሲያለቅስ ይሾፍበታል። ስለዚህ ሕመሙን መዋጥ ይለምዳል። የዋጠው ቁጣ ሆኖ ይወጣል። እኩዮቹ ሲፈሩት፣ መፈራቱን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። አድጎ አባት ይሆናል፤ ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ... ቀስቱ ዞሮ የተነሳበት ላይ ሲገጥም ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት የወንድሜን ልጅ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ያልኩት እኔ ነኝ። በፍቅር ነበር ያልኩት፤ ያመመኝም እሱ ነው።

ነገሮች እርስ በርስ ተሳስረው የሚሠሩበትን ሥርዓት ያጠናችው አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ዶኔላ ሜዶውስ በ1999 እ.ኤ.አ. አንድን ሥርዓት መለወጥ የሚቻልባቸውን 12 ቦታዎች ስትዘረዝር፣ እንደ ታክስ መጠን ያሉ ቁጥሮችን ከደካሞቹ፣ የሥርዓቱን ግብና ሥርዓቱ የበቀለበትን አስተሳሰብ ደግሞ ከጠንካሮቹ መደበች። ቅጣት የግድ ነው፤ የተጎዳች ሴት ፍትሕ ለድርድር አይቀርብም። ግን ቅጣት የሚመጣው ቀስቱ ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው። ዝምታው ወንዶቹንም ይበላል፤ በዓለም ዙሪያ ራሳቸውን የሚያጠፉት ወንዶች ከሴቶች በእጅጉ ይበዛሉ።

ማታ ለልጁ ደወልኩለት። "ያን ቀን ምን ነበር ያስለቀሰህ?" አልኩት። መጀመሪያ "ምንም" አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩት። ከዚያ ነገረኝ።