የአከራዬ ቁም ሳጥን

ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ጎንደር ውስጥ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ጠበል ተረጨበት። ጥፋቴ ሁለት የብሪታንያ ደራስያን በየፊናቸው የፈጠሯቸው ዓለማት በምስጢር የተገናኙ መሆናቸውን ላረጋግጥ ስሞክር መገኘቴ ነበር፤ አከራዬ ግን በዚህና በመተት መካከል ያለው ልዩነት እስከ ዛሬ ድረስ በደንብ አልታያቸውም።

በዚህ ነገር የተለከፍሁት በብራንደን ሳንደርሰን መጻሕፍት ነው። ይህ አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ካሳተማቸው የፋንታሲ ልቦለዶች ብዙዎቹ ላይ ላዩን ሲታዩ የየራሳቸው ዓለም፣ የየራሳቸው ንጉሥና የየራሳቸው አስማት ያላቸው ናቸው፤ ልብ ብሎ ላነበበ ግን ሆይድ የሚባል አንድ ሰው በአንዱ ለማኝ፣ በሌላው ተረት ነጋሪ፣ በሌላው ደግሞ የንጉሥ አጫዋች ሆኖ ብቅ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ መጽሐፍ ያየነው የሚናገር ጎራዴም በ2014 በታተመ የሌላ ዓለም ታሪክ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ያን ጎራዴ ያወቅሁት እኩለ ሌሊት ላይ ነበርና ብቻዬን አልጋዬ ላይ ቆሜ አጨበጨብሁ። ይሁን እንጂ ዓለማቱ የተያያዙ መሆናቸውን ደራሲው ራሱ በይፋ ስለተናገረ፣ የእኔ ድርሻ ሌላ ሰው የቋጠረውን መፍታት ብቻ ሆነብኝ። እኔ የተመኘሁት ማንም ያልቋጠረውን ቋጥሮ መፍታት ነው።

ለዚህም የመረጥኋቸው የጄ. አር. አር. ቶልኪን መካከለኛው ምድርና የሲ. ኤስ. ሉዊስ ናርኒያ ናቸው። ቶልኪን መካከለኛው ምድር ይህችው የምንኖርባት መሬት በምናባዊ ጥንታዊ ዘመኗ እንደሆነች ደጋግሞ ገልጿል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈው ደብዳቤም «የቀለበቶች ጌታ» ከሚለው ታሪኩ ፍጻሜ እስከ እኛ ዘመን 6,000 ዓመት ያህል እንደሚሆን ገምቷል። በሉዊስ መጽሐፍ በቁም ሳጥን በኩል ወደ ናርኒያ የገቡት ልጆች ደግሞ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከለንደን የአየር ድብደባ ሸሽተው ገጠር የተጠለሉ፣ የዚህችው መሬት ልጆች ናቸው። እንግዲህ ቁም ሳጥኑ የቆመው በመካከለኛው ምድር ላይ ነው ማለት ነው! በዚህ ላይ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው የናርኒያ መጽሐፍ ውስጥ ኩሬ የበዛበት ጸጥ ያለ ጫካ አለ፤ እያንዳንዱ ኩሬ ወደ አንድ ዓለም ያስገባል፤ ወደ ጫካው የሚወስደው ቢጫ ቀለበት፣ ከጫካው ወደ ዓለማቱ የሚያወጣው አረንጓዴ ቀለበት ነው። በዚያም ቀለበት፣ በዚህም ቀለበት፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ቶልኪን የናርኒያን መጻሕፍት እንዳልወደዳቸው አውቃለሁ፤ እሱንም ማስረጃ አድርጌ መዘገብሁት፤ ሰው ከማይነካው ነገር ጋር አይኳረፍም ብዬ። በእኛ በመላምተኞች ዘንድ ደራሲው ሲያምን አንድ ማስረጃ፣ ሲክድ ሁለት ማስረጃ ነው።

ማስረጃው እየበዛ ሲሄድ በስልክ ማስታወሻ መያዝ አቃተኝ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የተበታተነ ነገር ሁሉ በመስመር ካልተያያዘ ዕረፍት አይሰጠኝም፤ ስለዚህ አርባ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ በስፒል ሰካሁና ከፒያሳ በገዛሁት ቀይ ክር እርስ በርሳቸው አገናኘኋቸው። የጻፍሁት በአማርኛ መሆኑ ኋላ ጎዳኝ እንጂ ያን ጊዜ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አንደኛው ወረቀት «ጠንቋይዋ የማን ዘር ናት?» ይላል፤ ሌላው «ቢጫው ያስገባል፣ አረንጓዴው ያስወጣል» ይላል፤ ሌላው «ቀለበቱን ያጠለቀ አይታይም»፤ ሌላው ደግሞ «ዓይኑ እንቅልፍ የለውም» ይላል። መሐል ላይ፣ ክሮቹ ሁሉ በሚገናኙበት ቦታ፣ በትልልቅ ፊደል «ጎንደር?» የሚል አለ። ይህኛው የእኔ ፈጠራ እንኳ አይደለም፤ የቶልኪን ጎንዶር ከእኛው ጎንደር፣ ሀራድ ብሎ የሰየመው የደቡብ አገርም ከሐረር ሳይወሰድ አልቀረም የሚሉ አንባብያን ከጥንት ጀምሮ አሉ። ጎንደር ተቀምጦ ይህን አለመለጠፍ ደግሞ ከሰው አቅም በላይ ነው።

ግድግዳው ሲሞላ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች በቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኋቸው። ቁም ሳጥኑ የእማማ፣ ማለትም የአከራዬ፣ ነው፤ ከእናታቸው የወረሱት እንደ ቤት የከበደ ዕቃ ሲሆን በበሩ አልወጣ ስላለ ከክፍሉ ጋር አብሮ ይከራያል። በእሱ ላይ ካረፉት ወረቀቶች አንዱ «የቁም ሳጥኑ ጀርባ የት ያደርሳል?» የሚል ነበር።

እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የነሐሴ ዝናብ ወረደ። እማማ ጣሪያው እንደሚያፈስ ስለሚያውቁ በትርፍ ቁልፋቸው ከፍተው ባልዲ ሊያስቀምጡልኝ ገቡ፤ ግድግዳውን አዩና ባልዲውን ጥለው ወጡ። ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው አስነበቡት። ልጁም አማርኛውን ከጨረሰ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈችውን አንዲት ወረቀት አይቶ፣ ችሎታውን ለማሳየት፣ «እዚህ ጋ ደግሞ የቀለበቶች ጌታ ይላል» አላቸው።

«ጌታማ አንድ ነው!» አሉ እማማ፤ ይህን የሰማሁት ከልጁ ነው። በመተት ብቻ ቢጠረጥሩኝ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። እሳቸው ግን ቀለበትንና ቢጫን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጋር አገናኝተው፣ እኔ በአስማት እየተመራሁ ከእናታቸው ቁም ሳጥን በስተኋላ የተቀበረ ወርቅ የምፈልግ ሰው መሆኔን ደርሰውበታል። ከተራራቁ ነገሮች አንድ ታሪክ ለመሥራት የፈጀባቸው ሩብ ሰዓት ነው፤ እኔ ለዚያው ሥራ ሦስት ወር አጥፍቻለሁ።

በስብሼ ስመለስ በሬ ተከፍቷል። የሰፈራችን የቅኔ መምህር የኔታ፣ እማማ የንስሐ አባታቸውን ቢያጡ የጠሯቸው፣ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው መነጽራቸውን እያስተካከሉ ግድግዳዬን ያነባሉ። እማማ ባለ አምስት ሊትር የጠበል ጄሪካን ታቅፈው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከግራ በኩል ያሉት ሁለት ረድፎች ተረጭተው የእስክሪብቶው ቀለም ፈሷል፤ የናርኒያዋ ጠንቋይና የመካከለኛው ምድር ጠንቋይ ተደባልቀው አንድ ሰማያዊ ጅረት ሆነዋል። ያን ጊዜ በልቤ ያሰብሁት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ይህም መላምቴን ያግዛል የሚል ነበር።

«ልጄ፣ ይህ የማን ድርሰት ነው?» አሉኝ የኔታ።

«የሁለት የብሪታንያ መምህራን ነው፣ የኔታ።»

«ይተዋወቁ ነበር?»

እ.ኤ.አ. በ1926 ኦክስፎርድ ላይ እንደተዋወቁ፣ ኋላም ከወዳጆቻቸው ጋር ሐሙስ ማታ ሉዊስ ክፍል እየተሰበሰቡ ገና ያልታተመ ጽሑፋቸውን ጮክ ብለው ያነቡ እንደነበር አስረዳኋቸው። የኔታ በዝምታ ሰሙኝና ጣታቸውን ከጠበሉ በተረፈች አንዲት ወረቀት ላይ አሳረፉ። በወረቀቷ ላይ «ኑሜኖር» እና «ኑሚኖር» የሚሉ ሁለት ስሞች ነበሩ።

ያች ወረቀት የዘውዴ ፈርጥ ነበረች። ኑሜኖር በቶልኪን ታሪክ በባሕር የሰጠመች ታላቅ ደሴት ናት፤ ሉዊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ልቦለድ ይህችኑ ስም አንሥቶ፣ በመቅድሙ ስለ እሷ የበለጠ ማወቅ የሚሻ ወዳጁ ቶልኪን በእጁ የያዘው ጽሑፍ እስኪታተም ይጠብቅ ብሏል። የሁለቱን ደራስያን ድርሰቶች የሚያገናኝ፣ በደራሲው እጅ የተጻፈ ሐቀኛ ክር ይህ ነው። ሉዊስ ግን የጻፈው «ኑሚኖር» ብሎ ነው። እኔም በዚህች በአንዲት ፊደል ላይ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ፣ ስሙ ከባሕር በታች ብዙ ዘመን ሲኖር ድምፁ የተለወጠ መሆኑን አረጋግጬ ነበር።

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ የጆሮ ግድፈት ነው» አሉ። «በዓይኑ አይቶ የቀዳ ሰው እንዲህ አይስትም፤ ሲነበብ ሰምቶ ነው የጻፈው። የእኔም ተማሪዎች የሰሙትን ሲጽፉ እንዲሁ ናቸው፤ ከግድፈቱ ማን በጆሮው፣ ማን በዓይኑ እንደተማረ እለያለሁ።»

ፊቴ ጋለ። ምክንያቱም ቶልኪን ራሱ ልክ ይህን፣ ማለትም ሉዊስ ስሙን በጆሮው ሰምቶ እንደጻፈው፣ ተናግሯል፤ እኔም አንብቤው ነበር፤ ነገር ግን ለግድግዳው ስለማያምር አልለጠፍሁትም።

የኔታ ወደ 6,000ው ዓመት ዞሩ። በጣቶቻቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዘመን ከሆነ የቶልኪን ታሪክ የተፈጸመው ዓለም በተፈጠረ በ1,500 ዓመት አካባቢ፣ ከጥፋት ውሃ በፊት መሆኑን ደረሱበት። «መልካም» አሉ፤ «ያን ጊዜ ረዓይትም ነበሩ፤ አያስቸግርም።» እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ የቤተ ክህነት ድጋፍ ያለው የመጀመሪያው መላምተኛ በሆንሁ ነበር። አፌ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ደሴቲቱ የሰጠመችው ታሪኩ ከተፈጸመበት ጊዜ ከ3,000 ዓመት በላይ ቀድማ መሆኑን ነገርኋቸው። እንደገና ቆጠሩ።

«እንግዲያስ» አሉ በኀዘኔታ፣ «ደሴቲቱ የሰጠመችው ውሃ ሳይፈጠር ነው።»

ነገሩ ድርሰት መሆኑን የኔታ ሲመሰክሩልኝ እማማ ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡት፤ ዓይናቸው ግን ከመሐሉ ወረቀት አልተነሣም። «ጎንደርን ምን አድርጓት ነው?» አሉኝ። እየተሽኮረመምሁ ስለ ጎንዶር ነገርኋቸው። የኔታ እንደ ልማዳቸው ትርጓሜውን ጠየቁ፤ በደራሲው የፈጠራ ቋንቋ የድንጋይ አገር ማለት እንደሆነ መለስሁ።

እማማ በተከፈተው በር በኩል ወደ ፋሲል ግንብ አቅጣጫ እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ታዲያ ከምን የተሠራ መስሎሃል? ከጭቃ?»

«እማማ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ አንባቢ ይህንኑ ጠይቆት ነበር። እሱም ድንጋይ የሚለውን ቃል ያገኘው በልጅነቱ ካነበበው፣ ስለ ጥንታዊ የብሪታንያ ቋንቋ ከሚናገር መጽሐፍ መሆኑን መልሷል።»

«የሰረቀ ሰው ሰረቅሁ ይላል?» አሉ እማማ።

መልስ አጣሁ፤ ክርክሩ የራሴ ነበርና። ሲክድ ሁለት ማስረጃ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢያችን ቡና በተፈላ ቁጥር የከተማችንን ስም ስለወሰደው እንግሊዛዊ መምህር የማይወራበት ጊዜ የለም። ወሬው እየዞረ ሐረር ተወልደው ያደጉ አንዲት ጎረቤታችን ዘንድ ደረሰና እሳቸውም ድርሻቸውን ሊጠይቁ መጡ። ሀራድ በደራሲው ቋንቋ ደቡብ ማለት ብቻ እንደሆነ በትሕትና ባስረዳቸው፣ «ሐረርስ ከጎንደር ወደ ደቡብ አይደለችም?» ብለው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እማማም በኩራት ወደ እኔ ተመለከቱ። ሦስት ወር ሙሉ የሚያምነኝ ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በዝርዝር ማስረጃ የማስተባብላቸው አምስት እናቶች አሉኝ፤ አንዳቸውንም አላሳመንሁም።

ወረቀቶቹን ያን ማታውኑ አንሥቻለሁ። የቁም ሳጥኑ ጉዳይ ግን ከየኔታ ምስክርነት በኋላም አልተዘጋም። እማማ በሩ ላይ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ለጥፈው ቆለፉት፤ ቁልፉንም ከአንገታቸው ማተብ ጋር አሰሩት። ከለበስኋት በቀር ሱሪዎቼ በሙሉ ውስጥ ናቸው። በዚያች በዝናብ በበሰበሰችው ሱሪ ስምንት ቀን ሥራ ገባሁ፤ በዘጠነኛው ቀን አላስችል ቢለኝ ደጃቸው ቆሜ ቢያንስ አንዲት ሱሪ እንዲያወጡልኝ ለመንኋቸው። ቁልፉን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ክፍሌ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ጀርባው የት እንደሚያደርስ ሳይታወቅማ አይከፈትም» አሉኝ።