ግራፉ ለምን ሽቅብ ወጣ?

የምሰራው ማዋለጃ ዋርድ ነው። የኳሊቲ ዩኒቱ (የሆስፒታሉ የጥራት ክፍል) ልጅ የሩብ ዓመቱን የኢንፌክሽን ሰርቬይላንስ (ክትትል) ሊያቀርብ ሞርኒንግ፣ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ ቆመና ስላይዱን ከፈተው፣ ከሲ-ሴክሽን (በቀዶ ጥገና ከመውለድ) በኋላ ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው እናቶች ግራፍ ቀይ በቀይ ሆኖ ተሰቅሏል። «ኢንፌክሽን ጨምሯል፣ የሚመለከታቸው ክፍሎች መልስ ይስጡ» አለ። በቃ፣ ጣት መጠቋቆም ሆነ፣ ኦአር (ቀዶ ጥገና ክፍሉ) ወደ ዋርድ፣ ዋርድ ወደ ኦአር፣ ከዛ ሁለቱም ተባብረው ወደ ጽዳት ሰራተኞቹ፣ እነሱ ደሞ ስብሰባው ላይ እንኳን አልተጠሩም።

መሃል ላይ አንዲት ብዙ ዓመት የሰሩ ሲስተር «የኔ ልጅ፣ እናቶቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላ መደወል የጀመራችሁት መቼ ነው?» ብለው ጠየቁት። ወሩን ነገራቸው፣ ግራፉ መውጣት የጀመረበት ወር ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲ ነው። በሲ-ሴክሽን የወለደች ሴት ሰላም ከሆነች በጥቂት ቀን ቤቷ ትገባለች፣ ቁስሉ ግን መግል የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከዛ በኋላ ነው፣ ለዛም ነው እስከ 30 ቀን ክትትል የሚደረገው። ድሮ የምንቆጥረው ሳትወጣ የታመመችውን ወይ ራሷ ተመልሳ የመጣችውን ብቻ ነበር፣ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሄዳ ቁስሏን ያሳጠበችውን ማን ያውቃታል? ስለዚ መደወል ሲጀመር ቁጥሩ መጨመሩ አይቀርም። ኢንፌክሽኑም የምር ጨምሮ ሊሆን ይችላል እኮ፣ ግን ያ ግራፍ ሁለቱን አይለይም።

ልጁ አላኮረፈም፣ እሱን ወደድኩለት። ግራፉን ቀጥሎ ሲያመጣው መደወል የተጀመረበት ወር ላይ ቁም መስመር አስምሮ «ግራና ቀኙ አይወዳደርም» ብሎ ጽፎበታል። ከፐርሰንቱ ስርም ስንት ተሰርተው ስንት እንደታመሙ አስገባ፣ 10 ሴት በተሰራበት ወር አንዷ ብትታመም 10% ነው፣ 50 በተሰራበት 2%፣ የታመመችው ግን ያው አንድ ሴት ናት። (ለአይሲዩ፣ ለጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ የሚያመጣው «በ1000 የካቴተር ቀን» የሚባለው ስሌት፣ ካቴተር ያው በሽተኛው ውስጥ የሚገባው ቱቦ ነው፣ አሁንም ግማሹን ሰው ያስተኛል፤ 20 በሽተኛ እያንዳንዱ 5 ቀን ካቴተር ቢኖረው 100 የካቴተር ቀን ይሆናል ብሎ ቢጀምር ምን ነበረበት።)

ከዛ ጸቡ በረድ አለና የማደንዘዣ ባለሙያው «አንቲባዮቲኩ ቆዳ ሳይቀደድ በፊት የተሰጣቸው ስንቶቹ ናቸው?» አለ። ካርዶቹ ሲገለጡ ሰዓቱ ያልተጻፈበት ብዙ ነው፣ ኦአሮች ራሳቸው «ይሄ የኛ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠቁማቸው። አሁን ሰዓቱ ሳይጻፍ ቢላ አይነሳም፣ ቢያንስ ቀን ቀን፣ የሌሊቱን እንጃ።

ያልተፈታው ስልኳ የማይሰራ እናት ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ካልተገኘች «ደህና ናት» ተብላ ነበር የምትቆጠረው፣ ያ ደሞ ቁጥሩን ያሳምረዋል። አሁን «አልተገኘችም» የሚል የራሷ ዓምድ ተሰጣት፣ ዓምዱ የረዘመ ወር ላይ ልጁ ፐርሰንቱን ከማንበቡ በፊት እሱን ነው የሚያነበው።