በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደሴቶች መካከል የተደረገ የአንድ ቀን ምልከታ፦ ለአዳማ ወፍ ተመልካቾች የቀረበ የልምድ ማካፈያ

ቆቃ ሐይቅ ዳር ወፍ ማየት የለመደ ሰው ባሕር ላይ ሲወጣ ከሁሉ በፊት የሚያጥረው ጊዜ ነው። እኛ የአዳማ ተመልካቾች ዳርቻው ላይ ቴሌስኮፕ ተክለን፣ አንዲትን ወፍ ከእግሯ ቀለም እስከ ዓይኗ ዙሪያ ተረጋግተን መርምረን፣ ከዚያ መጽሐፍ ገልጠን ስሟን መወሰን ለምደናል። በኅዳር ወር በባቡር ጅቡቲ ወርጄ፣ በሙሻና በመስካሊ ደሴቶች አካባቢ በአነስተኛ መርከብ ስዘዋወር በዋልኩበት ቀን ግን ይህ ልማድ ብዙም አላገለገለኝም። መርከቧ ስለምትወዛወዝ ቴሌስኮፑ ከሻንጣው አልወጣም፤ ወፎቹም ከሞገዱ በላይ የሚታዩት ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበር። ስለዚህ ለባልደረቦቼ ላካፍል የምፈልገው ቀለምን ወደ ኋላ ትቶ በቅርጽና በአበራረር ስለ መለየት ነው።

ሁለቱ ደሴቶች ዝቅ ያሉ፣ ከጥንት ኮራል ድንጋይ የተሠሩና ዝናብ እምብዛም የማያገኙ ናቸው። እዚህ የተመልካች ሰዓት የሚቆጠረው በባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። የቆቃ ውኃ ከፍ ዝቅ የሚለው ከወቅት ወቅት በመሆኑ ንጋት ሁልጊዜ ጥሩ ነው ብለን እንወጣለን፤ ባሕር ዳር ግን በማለዳ ቢደርሱም ውኃው ሞልቶ ከሆነ ወፎቹ መመገቢያ ስለማያገኙ በአንድ ጥግ ተሰብስበው ያርፋሉ። ካፒቴኑ የጉድለቱን ሰዓት አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር፣ የኮራሉ ወለል ሲገለጥ እኛም ደርሰን ነበር። ነጭና ጥቁር ላባ፣ ወፍራም ጥቁር ምንቃርና ረጃጅም እግሮች ያሏትን ሸርጣን በል ወፍ ያየሁት በዚህ ጊዜ ነው። ይህች ወፍ በቤተሰቧ ውስጥ ብቸኛዋ ዝርያ ስትሆን፣ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጭ እንቁላል ትጥላለች፤ የአሸዋው ሙቀትም መታቀፉን ያግዛታል። ጥቂት እርምጃ ብቻ ሮጣ ድንገት ቀጥ ብላ የመቆም ልማድ ስላላት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ሆና ቀለሟ ባይታይም እንኳ ትለያለች።

ከእርሷ አጠገብ የሚያድኑት ሁለት የባሕር ዳር ሽመላዎች ደግሞ ቀለም ምን ያህል እንደሚያሳስት ግልጽ አደረጉልኝ፤ አንደኛው እንደ አመድ የጠቆረ፣ ሌላው ፍጹም ነጭ ሲሆን፣ ሁለቱም ግን የአንድ ዝርያ አባላት ናቸው። ዝርያው በሁለት መልክ ስለሚገኝ፣ በቀለም ብቻ የሚጽፍ ሰው ያለ ጥርጥር ሁለት ስም ይመዘግባል።

ባሕረ ሰላጤውን ማቋረጥ ስንጀምር ቡቢ የሚባሉት ቡናማ የባሕር ወፎች መርከቧን ተከተሉ። ሆዳቸው ነጭ መሆኑ ይረዳል፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚያስታውቃቸው እንደ እንዝርት ከፊትም ከኋላም የሾለ ሰውነታቸው፣ እንዲሁም ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ጦር ውኃ ውስጥ መወርወራቸው ነው። ይበልጥ ያስቸገሩኝ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ብቻ የሚኖረው ባለ ነጭ ዓይን ጋል እና ጥላሸት መሳዩ ጋል የሚባሉት ሁለት የባሕር ወፎች ናቸው። ሁለቱም ጥቁር ቆብ የደፉ ይመስላሉ፤ የመጀመሪያው ቀጭንና ረዥም ምንቃር፣ ከዓይኑም በላይና በታች ነጭ መስመር ሲኖረው፣ ሁለተኛው ገዘፍ ያለና ወፍራም ምንቃር ያለው ነው። በበረራ ላይ የዓይን መስመር መፈለግ ከንቱ ድካም በመሆኑ፣ የምንቃሩን ውፍረት ከጭንቅላቱ ጋር ማመዛዘን የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ሁለት ስቴፕ ንስሮች በከፍታ ሲያንዣብቡ ታዩ። ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ አዳኝ ወፎች በብዛት የሚያልፉት በስተሰሜን ባለው ባብ ኤል መንደብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በልግ በዚያ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ተመዝግበዋል። እነዚህን ንስሮች በአዳማ ሰማይ ላይ በጥላ ቅርጻቸው ብቻ መለየት ለምደን ሳለ፣ ይህንኑ ዘዴ በውኃ ወፎች ላይ ለምን እንደማንሠራበት ራሴን ጠየቅሁ።

ከሰዓት በኋላ በአርታ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ያገኘናቸው ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎች ግን ነገሩን ገለበጡት፤ እነርሱን አንዱን ከሌላው የሚለየው ቅርጽ ሳይሆን የቆዳ ምልክት ነው። በዚህ ወቅት ፕላንክተን የተባሉትን በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ፍለጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡት በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው፤ እኔ ያየሁት እንኳ አራት ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ አፉን ከፍቶ ሲያልፍ ትንሽ ነው ለማለት አልደፍርም። እያንዳንዱ ዌል ሻርክ በቆዳው ላይ ያለው የነጠብጣብ አቀማመጥ ከሌላው ስለሚለይ፣ ተመራማሪዎች ከስንጥቦቹ ጀርባ ባለው በግራ ጎኑ ፎቶግራፍ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ለዚህ ሥራ የዋለው የኮምፒውተር ስሌት መጀመሪያ የከዋክብትን ፎቶግራፎች ለማዛመድ የተዘጋጀ ነበር። በስፋት በሚሠራበት ደንብ መሠረት ከሰውነቱ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅና አለመንካት ያስፈልጋል፤ በዚያን ቀን በርካታ ጀልባዎች በአንድ እንስሳ ዙሪያ መሰብሰባቸው ግን አላስደሰተኝም።

ከተመለስኩ ወዲህ ቆቃ ስንወጣ ወፏን መጀመሪያ ያለ መነጽር አይቼ፣ ቅርጿንና ክንፏን የምትመታበትን ሁኔታ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ብቻ ባይናኩላሩን አነሣለሁ። ፔሊካንና አባ ኮዳ ለዚህ ልምምድ ቀላል ናቸው፤ ተርን የሚባሉት ቀጫጭን የውኃ ወፎች ዝርያዎች ግን አሁንም ያስቸግሩኛል። ወደዚያ ለመሄድ ለምታስቡ፣ በሚወዛወዝ መርከብ ላይ 8 እጥፍ የሚያቀርበው ባይናኩላር ከ10 እጥፉ ይሻላል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ያነሰ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋትም ይበልጣል። መስታወቱ ላይ የባሕር ውኃ ሲረጭ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ ጨው ይቧጭረዋልና፣ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል።